ሳል ቆጣሪዋ

ጥቅምት 6

እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? ከሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ደረጃ ጋር እስከ ዛሬ አልታረቃችሁም? እኔ ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ስልሽ ቅንድብሽን እንዳትሰቅዪ፤ ይህን ያህል ርቄም ይታየኛል።

ስልክሽን የማላነሳው ተቀይሜሽ አይደለም። ባለፈው ስለ አዲሷ አለቃሽ እየነገርሽኝ፣ ወሬው ጥሞኝ እየሳቅኩ፣ መሀል ላይ ዝም አልሽና "አራት" አልሽኝ። የምን አራት? ስልሽ፣ "ስልኩን ካነሳህ አራተኛ ሳልህ ነው" አልሽ። ከዚያ በኋላ ወሬውም ሳቁም ጠፋ። እትዬ፣ እኔ እህት አለችኝ እንጂ ሳል ቆጣሪ አልቀጠርኩም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የምንገናኘው በደብዳቤ ነው። ወረቀት አይስልም፤ አንቺም ጣትሽን ታሳርፊያለሽ።

ለጠየቅሽኝ፦ አዎ፣ ክሊኒክ ሄጃለሁ። ሲስተር የደም ምርመራዬን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አየችና "ቫይረሱ በደምህ ውስጥ አይታይም፤ ጎበዝ!" አለችኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ከኤች አይ ቪ ጋር ኖሮ ይህን መስማት ቀላል ነገር አይደለም ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ስነፋው ሳልኩ። ሲስተርም ፈገግታዋን መልሳ አጠፈችው። "ቫይረሱን አስረኸዋል፤ ሲጋራውን ግን ፈተህ ለቀኸዋል። እንዳንተ መድኃኒታቸውን በሥርዓት እየወሰዱ የሚያጨሱ ሰዎችን፣ አሁን ዕድሜያቸውን የሚቆርጠው ከቫይረሱ ይልቅ ሲጋራው ነው" አለችኝ። እስክታቆም ድረስ ቀንስ አለችኝ፤ ቀንሻለሁ። በቀን አንድ ፓኮ የነበረው ዛሬ አምስት ፍሬ ቢሆን ነው።

ለኪኒኔ እንኳን አትስጊ። ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የግድግዳው የደወል ሰዓት ይጮኻል፤ ኪኒኔን በውሃ እውጣለሁ፤ ከዚያ በሩ ላይ ቆሜ አንዲት ሲጋራ፤ ከዚያ የሱቁን መዝጊያ አወርዳለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልሳትኩም። ሊጠገኑ ሱቄ ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉት ሃያ ሦስት ሰዓቶች ሁለቱ እንኳን አይስማሙም፤ ኪኒኗና ሲጋራዋ ግን ተጣልተው አያውቁም።

በይ ደኅና ሁኚ። ጉልበትሽን በሞቀ ፎጣ ያዢው።

ወንድምሽ


ጥቅምት 15

ጭራሮ፣

እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ፖስታህ ነግሮኛል።

የሆቴል አንሶላ ሳጥብና ስተኩስ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። እንግዳው ያጨሰው ሰገነት ላይ ቆሞ ይሁን አልጋው ላይ ተጋድሞ፣ አንሶላውን ስዘረጋው አፍንጫዬ ይነግረኛል። እና አንተ ፖስታ አሽገህ ልትሸውደኝ! ገና ጫፉን ስቀደው ክፍሌ የሱቅህ በር ሆነ። ሁለተኛው ገጽ ጥግ ላይ አመድ ወድቆብህ በአውራ ጣትህ ጠርገኸዋል፤ ያ ደግሞ "በቀን አምስት ፍሬ" ያልክበት መስመር ላይ ነው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ያንተን ፖስታ አወጣው።

አልተቆጣሁም። ዋሸሁ፣ ተቆጥቻለሁ።

ጭራሮ ያልኩህ መቼ እንደሆነ ታስታውሳለህ? ሠላሳ ስምንት ኪሎ የነበርክ ጊዜ ነው። ክሊኒኩ ያኔም እንደ ዛሬው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ አሳንሰር የለውም። በጀርባዬ አዝዬህ ስወጣ ክርንህ ጎኔን እየወጋኝ፣ "ቀስ በይ እትዬ፣ እሰበራለሁ" ትለኝ ነበር። እኔም እየሳቅኩ አለቅስ ነበር። ይኸው ጉልበቴ ያን ደረጃ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ያን ሁሉ የወጣሁት ቫይረሱን አስረን አንተን ለጭስ ልናስረክብህ ነው?

ሲስተር እውነቷን ነው። ትክክለኛውን ቁጥር ንገራት፣ ለኔ ባትነግረኝም።

ሌላም የምነግርህ ነገር ነበረኝ። ጀምሬ ሰረዝኩት። ሌላ ቀን።

እህትህ


ኅዳር 7

እትዬዋ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ ይቅርታዬም አብሮት ይድረስ። አምስት አልነበረም። አሥራ አራት ነበር። አንዳንድ ቀን አሥራ አምስት።

አሁን ይህን ወረቀት አፍንጫሽ ላይ አድርጊውና ሳቢው። ምን ሸተተሽ? የሰዓት ዘይት። ሌላ ምንም የለበትም! የወሩን የኪኒን ብልቃጥ ኅዳር አንድ ከፈትኩ፤ በአምስተኛው ቀን የመጨረሻዋን ሲጋራ አጥፍቼ ፓኮውን ውሃ ውስጥ ነከርኩት። ደረቅ ከሆነ ከቆሻሻ መጣያም አወጣዋለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ።

ሲስተር በየማክሰኞው ለማቆም የሚታገሉትን ሰብስባ ታወያያለች። ሁላችንም በዚያው መስኮት መድኃኒት የምንወስድ ነን፤ መደባበቅ የለም። እዚያ ያየሁትን ብነግርሽ ሳቅሽ ጎረቤት ይጠራል። አንዱ የትምህርት ቤት ዘበኛ "እኔ እንኳን ማቆም አያቅተኝም፤ አሥራ አንድ ጊዜ አቁሜያለሁ" ብሎ አረፈው። የሚታኘክ የኒኮቲን ማስቲካ ሰጥታናለች። በርበሬ የተነሰነሰበት ጎማ ነው። ግን ይይዛል።

እጄ ግን ይንቀጠቀጣል። ትናንት የአንዲት ሴትዮ የእጅ ሰዓት ብሎን፣ ከጤፍ እምብዛም የማትበልጥ፣ ከወረንጦዬ አመለጠችኝ። ማግኔት ይዤ በአራት እግሬ ስድህ፣ ከፊት ለፊቴ ያሉት ልብስ ሰፊው ጋሼ በሩ ላይ ቆመው "ምን ጠፋህ?" አሉኝ። "ጤናዬ" አልኳቸው። "ወንበሩ ሥር ፈልገው፤ የኔም እዚያ ነው የጠፋው" ብለውኝ ሄዱ። ብሎኗ በመጨረሻ ከሱሪዬ እጥፋት ውስጥ ተገኘች።

ምሽቱ ነው የሚከብደኝ። በተለይ መዝጊያ ሰዓት ላይ። ያልፋል።

ወንድምሽ፣ ጭስ አልባው


ኅዳር 20

እትዬ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ። ሦስት ነገር ጠይቀሻል።

ለመጀመሪያው፦ አንድም አላጨስኩም። አሥራ አምስት ቀን ሆነኝ።

ለሁለተኛው፦ እጄ እየተሻለው ነው። ትናንት ሦስት ሰዓት ፈትቼ ገጠምኩ፤ አንድም ብሎን አልጠፋኝም።

ሦስተኛውን በሌላ ደብዳቤ እመለስበታለሁ። ሥራ በዝቶብኛል። ሰው ሁሉ ባትሪ ሊያስቀይር ይመጣና ሰዓቱ እንደ አዲስ ካልሆነለት ይቆጣል።

የግድግዳውን የደወል ሰዓት ነቅዬ አውርጄዋለሁ። ጩኸቱ ሰለቸኝ።

ደኅና ሁኚ።


ኅዳር 25

ጭራሮ፣

ሰላምታውን በኋላ እንመለስበታለን፤ አንተ ሦስተኛውን ጥያቄዬን በሌላ ደብዳቤ እንደምትመለስበት።

ሦስተኛው ጥያቄዬ ምን እንደነበር አንተም እኔም እናውቃለን። ሲጋራዋ ከቀረች ወዲህ ኪኒኗን እንዴት እያደረግካት ነው? ነበር ያልኩህ። አንተም መልሰህልኛል። ያ ደወል አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የሚጮኸው ለምን እንደሆነ ረስተህ ነው ያወረድከው? ወይስ ስላልረሳህ?

ብልቃጡን ኅዳር አንድ ከፈትኩ ብለኸኛል። ሠላሳ ፍሬ ነው። ይህ ደብዳቤ በደረሰህ ቀን ጠረጴዛህ ላይ ነጭ ጨርቅ ዘርጋና ዘርግፈህ ቁጠር። ቀኑንም ቁጥሩንም ጻፍልኝ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም።

እየጠበቅኩ ነው።

እህትህ


ኅዳር 29

እትዬ፣

ዛሬ ኅዳር 29 ጠዋት ነው። ብልቃጡ ውስጥ ሁለት መቅረት ነበረባቸው። አሥራ አምስት ናቸው።

አሥራ ሦስት ቀን ዘልያለሁ። ሦስቴ ነው የቆጠርኳቸው። የሰዓት ብሎን ስቆጥር ተሳስቼ አላውቅም፣ ግን ምናለ ዛሬ ብሳሳት ብዬ ነበር።

እንዴት ብዬ ላስረዳሽ? ኪኒኗን የምውጠው ለሲጋራዋ ነበር፤ ሲጋራዋን የማጨሰው ለኪኒኗ። ሲጋራውን የተውኩ ዕለት ማታ ደወሉ ጮኸ፤ ኪኒኔን ዋጥኩ፤ እጄ ወደ ኪሴ ሄደ። ባዶ ነው። በሰውነቴ ውስጥ የሆነ ነገር ጮኸ፣ ከደወሉ የባሰ። በማግስቱም እንደዚያው። በሳምንቱ ብልቃጡን ሳየው ብቻ ጉሮሮዬ ጭስ ይለምነኝ ጀመር። ዛሬን ብቻ ልዝለለው፣ ነገ ይበርድልኛል አልኩ። ነገ ደግሞ ነገ አለኝ። ደወሉን አወረድኩት። ብልቃጡን መሠራት የማይችሉ ሰዓቶች የምከትበት መሳቢያ ውስጥ ጨመርኩት። ሲጋራን አባረርኩ ብዬ ስፎክር ኪኒኑንም አብሬ ማባረሬ ነው።

ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ ሁሉም ያጨበጭብልኛል። "ያለ ሲጋራ ይህን ያህል ቀን!" እያሉ። እኔም አንገቴን ደፍቼ እቀበላለሁ። ሲስተርን ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል።

ትናንት አንድ ፍሬ ሲጋራ ገዛሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ አልለኮስኩትም። ወደ ሲጋራዬ ብመለስ ኪኒኔን እውጣለሁ። ባልመለስ አልውጥም። የቱ ቶሎ እንደሚገድል ሳሰላ ነው የዋልኩት። እትዬ፣ ፈርቻለሁ። ቫይረሱ በነዚህ ቀኖች መድኃኒቱን ለምዶት ቢሆንስ? አሥራ ሁለት ዓመት አስሬው፣ በገዛ እጄ ፈትቼው ቢሆንስ?

ቀኑንም ቁጥሩንም ጽፌልሻለሁ። ስደቢኝ።


ታኅሣሥ 4

የኔ ጌታ፣

አልሰድብህም። ደብዳቤህን ካነበብኩ ጀምሮ ሦስት የትራስ ልብስ አቃጥያለሁ፤ ስድቡን ከአለቃዬ እኔ ተቀብዬልሃለሁ።

አሁን ስማኝ። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ያለህ የለም። ሲጋራውንም አትለኩስ፣ ኪኒኑንም አትተው። ይህ ደብዳቤ እጅህ ሲገባ የምታነበው ቆመህ እንዲሆን እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ጨርሰኸው በቀጥታ ወደ ክሊኒኩ ነው የምትሄደው። ማክሰኞን አትጠብቅ። አሥራ አምስቱንም ኪኒን ይዘህ ሂድና ለሲስተር ለእኔ የጻፍከውን ቃል በቃል ንገራት። ካፈርክ ደብዳቤዬን አሳያት፤ የእህት ትእዛዝ ነው በላት።

የገዛሃትን ሲጋራ ውሃ ውስጥ ንከራት።

እዚህ ያሉት ሰዎች ፊቴን አይተው "ሰው ታሞብሽ ነው?" ይሉኛል። "ወንድሜ ሲጋራ አቆመ" እላቸዋለሁ። ያበድኩ ይመስላቸዋል።

እህትህ


ታኅሣሥ 12

እትዬ፣

ቆሜ አነበብኩት፤ ቆሜም ሄድኩ። ሱቁን እንኳን በደንብ አልዘጋሁትም፤ ልብስ ሰፊው ጋሼ ናቸው የጠበቁልኝ።

ሲስተር ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። ኪኒኖቹን መዳፏ ላይ ዘርግፋ ቆጠረቻቸው። ከዚያ "ይህን የሠራኸው አንተ ብቻ አይደለህም። እኔም ሲጋራውን ስነጥቅህ ከምን ጋር እንደታሰረ አልጠየቅኩህም" አለችኝ። ቀጥላም የማይረሳኝን ጥያቄ ጠየቀችኝ፦ "ከቀንህ ውስጥ ሲጋራ ጨርሶ የማያውቀው ሰዓት የትኛው ነው?"

አሰብኩ። ስነሳ አጨስ ነበር። ከምግብ በኋላም። መንገድ ላይም። በመጨረሻ አንድ ብቻ አገኘሁ። ደንበኛው ጥሎት የቀረውን ያን ትልቅ ባለ ፔንዱለም የግድግዳ ሰዓት ታውቂዋለሽ። እሱን በየቀኑ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እሞላዋለሁ። ቁልፉ ከባድ ነው፤ አንድ እጄ ሣጥኑን ይይዛል፣ አንዱ ያዞራል። ሲጋራ የሚይዝ ሦስተኛ እጅ የለኝም። አመድ ጥርሶቹ ውስጥ ከገባ ደግሞ አለቀለት፤ ስለዚህ አጠገቡ አጭሼ አላውቅም።

"በቃ፣ ኪኒንህ እዚያ ይግባ" አለች።

እና አሁን ብልቃጡ የሚኖረው ሰዓቱ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉን ከሥሩ አስቀምጬዋለሁ። ብልቃጡን ሳላነሳ ቁልፉን አላገኝም፤ ሰዓቱን ሳልሞላ ደግሞ ልብስ ሰፊው ጋሼ አይለቁኝም፤ የሚከፍቱትም የሚዘጉትም፣ ምሳ የሚበሉትም ያንን ሰዓት እያዩ ነው። ዛሬ ስድስተኛ ቀኔ ነው።

ደሜ ግን ገና አልተመረመረም። ሲስተር "ሦስት ወር በሥርዓት ውሰድና መጋቢት ላይ እናየዋለን። ቫይረሱ መድኃኒቱን ለምዶት ከሆነ ያኔ ይታወቃል፤ ካልለመደው ተመልሶ ይደበቃል" አለችኝ። ከለመደውስ? አልኳት። "ያኔ ሌላ መድኃኒት አለ፤ ግን አትቅደመው" አለች። ሦስት ወር እንዴት ይጠበቃል፣ እትዬ? የሰው ጊዜ እየጠገንኩ የራሴን መግፋት አቃተኝ።

ሲጋራዋን ነክሬያታለሁ።

ወንድምሽ


ጥር 10

ወንድሜ፣

እኔ ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴም ደኅና ነው፤ የላክልኝ ቅባት ረድቶኛል። የምጽፍልህ ግን ስለ ጉልበቴ አይደለም። በጥቅምት ጀምሬ የሰረዝኩት ነገር ነበር። ዛሬ ሳልሰርዘው እጨርሰዋለሁ።

"ኪኒኗን የምውጠው ለሲጋራዋ ነበር" ብለኸኝ ነበር። ከሲጋራዋ ጋር ማን እንዳሰራት ግን አልጻፍክም። ረስተኸው ይሆናል፤ ያኔ ብዙውን ጊዜ ራስህን አታውቅም ነበር። ያሰርኳት እኔ ነኝ።

ያቺን አንድ ክፍል ታስታውሳታለህ፣ አልጋህ ከመስኮቱ ሥር የነበረው? የዚያን ጊዜ መድኃኒት እንደ ዛሬው አልነበረም፤ ሆድህን ያገላብጠው ነበር። ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ ትተፋዋለህ። ለመንኩህ፣ ተቆጣሁህ፣ አለቀስኩብህ። አልሰማኸኝም። ስድስተኛው ቀን ላይ ከታች ካለው ኪዮስክ አንድ ፍሬ ሲጋራ ገዛሁና አልጋህ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። "ዋጣት፣ ይህችን እለኩስልሃለሁ" አልኩህ። ዞረህ አየኸኝ። ዋጥካት። በማግስቱም እንደዚያው። ደወል ያለው ሰዓት የገዛሁልህም እኔ ነኝ፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የሞላሁትም እኔ፤ ከሥራ የምመለሰው በዚያ ሰዓት ስለነበረ።

አሁን ደግሞ እስከ ዛሬ ያልነገርኩህን። ዶክተሩ ኮሪደር ላይ ጠርቶኝ "እስከ ወሩ መጨረሻ ከቆየ ጥሩ ነው" ብሎኝ ነበር። እኔም ለሚሞት ሰው ሲጋራ ምን ይጎዳዋል አልኩ።

አልሞትክም። አሥራ ሁለት ዓመት አልሞትክም፤ እኔ ደግሞ ያንን ቋጠሮ ልፈታልህ ሳይሆን ሳልህን ልቆጥር ተቀመጥኩ። ስቆጥር የነበረው የራሴን ጥፋት ነው። ይቅር በለኝ።

እህትህ


የካቲት 2

እትዬ፣

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ አምስት ወረቀት አበላሽቻለሁ፤ ስድስተኛውን እንዳለ እልከዋለሁ።

የረሳሁ መስሎሽ ነበር? ክብሪቱን እየጫንሽ ትጭሪው ነበር። ሁለቱ ተሰብረው በሦስተኛው ነው የለኮስሽው። አንቺ አጭሰሽ ስለማታውቂ ሲጋራውን የያዝሽው በተቃራኒው ጫፍ ነበር፤ ሳቅኩብሽ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ የሳቅኩት ያኔ ነው። ከዚያ ዋጥኩ። እና ለሲጋራው ብዬ የዋጥኩ ይመስልሻል? ይህች ሰው ይህን ያህል ከደከመችልኝ ብዬ ነው የዋጥኩት። ሲጋራው ከኪኒኗ ጋር ልማድ የሆነው በኋላ ነው፤ እሱ ደግሞ የኔ ጥፋት ነው፣ ያንቺን አትቀላቅዪበት። ያቺ ሲጋራ ባትኖር ዛሬ ይቅርታ የምትጠይቂው ሰውም አይኖርም ነበር። ስለዚህ ይቅር ብዬሻለሁ፤ አመሰግንሻለሁም፤ ዳግመኛ ግን ሲጋራ እንዳትገዢልኝ።

ስለ ዶክተሩ፦ እኔም ሰምቼው ነበር። በሩ ክፍት ነበር። እንዳታዝኚ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። ሁለታችንም አሥራ ሁለት ዓመት ስንሸሻሸግ ኖረናል ማለት ነው።

አሁን እኔም የምናዘዘው አለኝ። ጥር 15 ቀን አንዲት አጨስኩ። የለቅሶ ድንኳን ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ዘረጋልኝ፤ ሳላስበው ተቀበልኩ። በማግስቱ ለሲስተር ነገርኳት። "መሰናከል መመለስ አይደለም፤ ተነሥና ሂድ" አለችኝ። ተነሥቻለሁ። ከዚያ ወዲህ የለም።

ኪኒኔን ግን አልዘለልኩም፤ ለጥቂት ነው እንጂ። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት አንድ ደንበኛ በሩ ላይ ጠብቆኝ፣ በጥድፊያ ሥራ ጀመርኩ። ስምንት ሰዓት ላይ ልብስ ሰፊው ጋሼ መቀሳቸውን እንደያዙ እየሮጡ ገቡና "አንተ! ሰዓትህ እኮ ቆመ! ምሳዬን ልብላ ወይስ አልብላ?" አሉኝ። ቀና ብል ፔንዱለሙ ቀጥ ብሏል። ሣጥኑን ከፈትኩ፣ ብልቃጡን አነሣሁ፣ ዋጥኩ፣ ቁልፉን አዞርኩ። ሰውየው ሰዓት ያስጀመሩ ነው የመሰላቸው። ምን እንዳደረጉልኝ አያውቁም፤ ምሳቸውን እኔ ጋበዝኳቸው፤ ለምን እንደሆነም አልጠየቁኝም።

መጋቢት እየመጣ ነው።

ወንድምሽ


መጋቢት 20

እትዬ! እትዬ! እትዬ!

ሰላምታ የለም፤ ቀጥታ ልንገርሽ፦ አይታይም! ቫይረሱ በደሜ ውስጥ አይታይም! መድኃኒቱን አልለመደውም። ያው የድሮው ኪኒን፣ ያው የድሮው እኔ።

ውጤቱን ልቀበል ስሄድ የክሊኒኩ በር ላይ ሦስት ጊዜ ተመልሻለሁ። የበሩ ጠባቂ "ትገባለህ ወይስ ለጥበቃ ሥራ ላስመዝግብህ?" እስኪለኝ። ሲስተር ወረቀቱን ሰጠችኝና ፊቴን ታይ ነበር። አነበብኩት። እንደገና አነበብኩት። ማጉያ መነጽሬን ከኪሴ አውጥቼ ዓይኔ ላይ ሰክቼ አነበብኩት፤ እሷ በሳቅ ወንበር ያዘች። ልቤ ቅቤ ጠጣ፣ እትዬ። እፎይ የሚባለውን ነገር ከስሙ በቀር አላውቀውም ነበር።

ከዚያ ደረቴን አዳመጠችው። "ሳንባህ ጠርቷል አልልህም፤ የሃያ ዓመት ጭስ በአራት ወር አይጠራም። ግን ያ ፉጨት ቀንሷል" አለች። ደረጃውን ሳላርፍ ወጥቼ እንደመጣሁ ነገርኳት። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቆም ብዬ ነበር፣ ግን የቆምኩት ደክሞኝ አይደለም፤ አንቺ ያን ጊዜ እኔን አዝለሽ ያረፍሽበት ቦታ ስለሆነ ነው።

እሁድ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ እደውልልሻለሁ። አዎ፣ በስልክ። እንደ ልብሽ ቁጠሪ።

ወንድምሽ


መጋቢት 28

ጭራሮዬ፣

ስልኩን ስዘጋ ልነግርህ የፈለግኩት ሁሉ ትዝ አለኝ፤ ያወራነው ስለ አለቃዬና ስለ ልብስ ሰፊው ምሳ ብቻ ነው። ይሁን። እንደዚያ ያለ ወሬ ነበር የናፈቀኝ።

መሀል ላይ ዝም ስልብህ "ስንት ሆነ?" አልከኝ። "ምኑ?" አልኩህ። ዋሽቼሃለሁ። ቁጭ ያልኩት ወረቀትና እርሳስ ይዤ ነው። ለእያንዳንዱ ሳል አንድ ጭረት ላሰምር። ሃያ ስድስት ደቂቃ አወራን፤ ሁለት ጊዜ ከት ብለህ ሳቅክ፤ ድሮ ስትስቅ ነበር ሳሉ የሚነሣብህ። ጆሮዬን ተክዬ ጠበቅኩ። ሳቁ አለቀ፤ ቀጥለህ ወሬህን ያዝክ።

ወረቀቱን ፖስታው ውስጥ አድርጌልሃለሁ። ብታሸተው ሳሙና ነው የሚሸተው። አንዲት ጭረት ብቻ ታገኝበታለህ። እሷ ያንተ አይደለችም። ስልኩን ከአፌ አርቄ የሳልኩት እኔ ነኝ፤ ለቅሶዬን ስውጥ ትን ብሎኝ ነው።

ሰዓትህን ሙላ።

እህትህ